ሁለታችንም ያዞርነው ልጅ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ባለፈው ለፋሲካ እናታቸው ቁምሳጥኑን ስታራግፍ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ፣ ያ ሰማያዊ ሄልሜት ወረደ። ትልቁ ልጅ አነሳውና መጀመሪያ ጡጫውን ከተተበት። ቀጥሎ ራሱ ላይ ሊያደርገው ሞከረ፤ አናቱ ላይ እንደ ቆብ ተቀመጠና ቀረ። የማን እንደሆነ ጠየቀ። ያንተ ነው አልነው። "ኖ ዌይ" አለ። እህቱ እየሳቀች ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት ነሱኝ። እናታቸውን ሲጠይቋት "አያታችሁን ጠይቁ፣ እኔ ሳወራው አለቅሳለሁ" ትላለች። አባታቸው ደግሞ የሚነግራቸው ቀልዱን ብቻ ነው። እኔም ብሆን ሳወራ መንገድ እስታለሁ፤ ከዚህ ተነስቼ ሌላ ቦታ እገኛለሁ፤ እነሱም ግማሹ ላይ ሳልደርስ ስልካቸውን ያያሉ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የእነዚህን ልጆች እናት እያጠባሁ፣ እሷ ጠመኔውን እየቀማችኝ። እንግዲህ ነገሬ ቢንዛዛ እሷው ጠመኔ ቀሚዋ አሳጥራ ታንብብላቸው።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ባቡሩ እዚያ ሰፈር በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ በመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ ያልፋል። እኔ እንደመጣሁ ሰሞን ድምፁ ይረብሸኝ ነበር። በኋላ ግን ለመድኩት፤ ከዚያ ቤት ከወጣን በኋላ ደግሞ ጭራሽ ናፈቀኝ። ዝናብ የሚዘንብ ቀን መስኮቱ ላይ ውሃው ይንቆረቆራል፣ ባቡሩ ከውሃው ኋላ መብራቱን አብርቶ ያልፋል። ሰዎቹ ቆመው ይታዩኛል፤ አንዳንዱ ያንቀላፋል፣ አንዳንዷ ከንፈሯን ትቀባለች። እኔ ልጁን አቅፌ አያቸዋለሁ። እነሱ እኛን አያዩንም ነበር መሰለኝ።

ልጁ የተወለደው በብርድ ነው። እናቱ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የወሊድ ፈቃዷ አለቀና ጠዋት ጨለማው ሳይገፍ ትወጣ ጀመር። ባሏ ታኮማ ወደብ ላይ ስለሚሠራ እሱ ከእሷም ይቀድማል። ቀኑ የእኔና የልጁ ነበር። አቤት ያ ቀን እንዴት ይረዝም ነበር፣ እንዴትስ ቶሎ አለቀ! ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይጠባል፣ እንደገና ይተኛል። እኔ ሽሮዬን አማስላለሁ፣ እመለሳለሁ፣ መተንፈሱን አያለሁ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ሌላም አልፈለግኩም።

አልጋው ልክ በመስኮቱና በእናቱ አልጋ መሃል ነበር የተዘረጋው። አንዱ ጫፉ ወደ በሩ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ቁምሳጥኑ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ያስፈልጋል።

ጭንቅላቱ እኩል እንዳልሆነ ያወቅኩት በእጄ ነው። በዓይኔ አይደለም። እኛ ዘንድ ሕፃን ቆብ አያወልቅም፤ ብርዱም አለ፣ የሰው ዓይንም አለ። የሚወልቀው ሲታጠብ ብቻ ነው። አንድ ቀን እያጠብኩት ከኋላ በመዳፌ ስደግፈው፣ ግራው መዳፌን ሞላው፣ ቀኙ ግን ሸሸኝ። እንደ ሰሐን ጀርባ ልጥፍ ያለ ነገር ነበር። እጄን አዛወርኩ። እንደገና ዳሰስኩት። ያው ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ያሉት ልጆች ይህ አይገባቸውም። የአራስ ልጅን ጉድለት በአፍ አይጠሩትም። ዓይኑ ቢንሸዋረር "ዓይኑ ያምራል" ይባላል፤ ቢከሳ "እንዴት ወፍሯል" ይባላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተባለ ይያዛል ብለው ነው የሚፈሩት። ደግሞ ለእናቱ ምን ብዬ ልንገራት? ገና ጡቷ እየፈሰሰ ሥራ የገባች ልጅ ናት። ስለዚህ ዝም ብዬ በእጄ ልሠራው ተነሳሁ። በለጋ ቅቤ አሸዋለሁ። በሆዱ ጉልበቴ ላይ አስተኛዋለሁ፤ እሱ ይነጫነጫል፣ እኔ አንጎራጉርለታለሁ። አዝለዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ፣ እናቱ እንደወጣች፣ በተኛበት አነሳውና ራሱን ወደ ሌላው የአልጋው ጫፍ አዞረዋለሁ። እሷ ሁልጊዜ ራሱን ወደ በሩ አድርጋው ትሄዳለች፤ እኔ ወደ ቁምሳጥኑ አደርገዋለሁ። ጎን ይለዋወጥለት ብዬ ነው።

ሳሸው እናቴ ትመጣብኛለች። ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐይ ወደ እኛ ግድግዳ ስትዞር፣ ዱካዋን አውጥታ ትቀመጥና እኔን በጉልበቶቿ መሃል ታስገባኛለች። የእጇ ሙቀት እስካሁን አናቴ ላይ አለ። ታላቅ እህቴን ጎረቤት ያሉት ሴትዮ ይሠሯታል፣ ለበዓልም ሹሩባ ሠሪ ጋ ትላካለች። የእኔን ጸጉር ግን ከእናቴ በቀር ሰው አይነካውም ነበር። እጇ ሊጥ ቢሆን ታጥባ ትመጣለች እንጂ ለሌላ አትሰጠኝም። ፊቱን ጥብቅ አድርጋ ትጎነጉነውና የኋላውን ትተወዋለች፤ ነፋ አድርጋ፣ አበጥራ፣ በመዳፏ ክብ እያደረገች። እህቴ ታኮርፍ ነበር። "የእናት ልጅ" ትለኛለች፣ ምላሷን እያወጣች። እኔም በልቤ ከሁሉ አብልጣ የምትወደኝ እኔን ነው እል ነበር። ዕድሜ ልኬን ያንን ይዤ ነው የኖርኩት፤ ሲከፋኝ አውጥቼ አየዋለሁ።

ይኸው መንገድ ሳትኩ። ወደ ልጁ ልመለስ።

ሐኪም ቤት በየጊዜው እንወስደዋለን። ክትባቱ፣ ሚዛኑ፣ ርዝመቱ። አንዳንዴ እናቱ፣ አንዳንዴ እኔና እናቱ አብረን። ነርሷ ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፤ ስለ ልጁ የሚያሳስባችሁ ነገር አለ ወይ ትላለች። ልጄ "ኖ፣ ሂ ኢዝ ግሬት" ትላለች፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይልም" እላለሁ። ነርሷም ፈገግ ብላ ኮምፒዩተሯ ላይ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ማን ጠይቆ? እኛ ሰው ደህና ነህ ሲለን ደህና ነን እንላለን። እግራችን ቢሰበር እንኳ መጀመሪያ ደህና ነን ብለን ነው ስለ እግራችን የምናወራው።

አራት ወር ሲሞላው ሐኪሟ ራሷ ቆቡን አወለቀች። ጣቶቿን ከኋላ አሳለፈችና ቆም አለች። ከላይ ወደታች አየችው፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ወደፊት እንደወጣ አሳየችን። እኔና ልጄ አልተያየንም። እሷ ወለሉን፣ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሐኪሟ የጭንቅላት ሄልሜት ወደሚሠሩት ላከችን። እዚያ ያለችው ሴትዮ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ካልሲ ያለ ነጭ ነገር አጥልቃ በማሽን ዙሪያውን ፎቶ አነሳችው። ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሄልሜቱ ጭንቅላትን አይጨምቅም አለች፤ የሚያድገውን ጭንቅላት ወደ ጎደለበት እንዲያድግ ቦታ ይተውለታል እንጂ። ስለዚህ የሚሠራው ጭንቅላቱ እያደገ ሳለ ነው፤ አሁን በየሳምንቱ ያድጋል፣ ኋላ እየዘገየ ይሄዳል፣ አጥንቱም ይጠነክራል። ባትቆዩ ጥሩ ነው አለች። ከኪሳችን የምንችለው ስላልነበረ ወረቀቱ ወደ ኢንሹራንሱ ሄደ።

መልሱ የመጣ ቀን ልጄ ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ልጁ ምንጣፉ ላይ የራሱን እግር ያጠናል። ባሏ ቀደም ብሎ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። አይሆንም ብለውናል አለች። ምክንያቱም በሐኪሟ መዝገብ ላይ በየጊዜው "ቤተሰቡ የሚያሳስበው ነገር የለም" ነው የሚለው፤ በቤት ውስጥ አተኛኘቱን እየለዋወጡ መሞከርም አልተደረገም። መጀመሪያ ሁለት ወር ያንን ሞክሩ፣ ካልተሻለው ያኔ ጠይቁ ይላል። ልጄ በጣቷ ቆጠረች። ያኔ ዕድሜው ስንት እንደሚሆን፣ ሄልሜቱ እስኪሠራ ስንት እንደሚሞላው። ቆጥራ ስትጨርስ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

ያቺ ልጅ ስታለቅስ ድምፅ የላትም። ከልጅነቷም እንዲሁ ነበረች።

"ምንም አልሞከራችሁም ነው የሚለው" አለች።

"እንዴት አልሞከርንም?" አልኩ፣ ሳላስበው።

ቀና አለች። "ምን ሞከርሽ፣ እማዬ?"

"ጠዋት ጠዋት አዞረዋለሁ። ራሱን ወደ ቁምሳጥኑ። አንቺ ሁልጊዜ ወደ በሩ አድርገሽ ነዋ የምታስተኚው።"

ልጄ ዕንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። "እማዬ፣ እኔ ወደ በሩ የማደርገው እኮ አንቺ ሁልጊዜ ወደ ቁምሳጥኑ አድርገሽው ስለማገኘው ነው። ማታ ማታ እኔም አዞረዋለሁ።"

ባሏ ሻዩን አስቀመጠ። የልጁን ጡጦ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ስኳሩን ከወዲህ አደረገና ይኼ መስኮቱ ነው አለ፤ ጨዉን ከወዲያ አደረገና ይቺ እናቱ ናት አለ። ጡጦውን በአንዱ ጫፍ አደረገው፤ ቀን ነው፣ ባቡሩን ለማየት ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ በቀኙ። ጡጦውን ገልብጦ በሌላው ጫፍ አደረገው፤ ማታ ነው፣ እናቱን ለማየት ይዞራል፣ በቀኙ። ደግሞ ገለበጠው። በቀኙ። እንደገና ገለበጠው። በቀኙ።

"እማማ፣ ባትነኩት ኖሮ እኮ ቀን በቀኙ ማታ በግራው ይተኛ ነበር" አለኝ። "ሁለታችሁም አዙራችሁ አዙራችሁ ልጁን እዚያው አስቀራችሁት።"

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። ሽንኩርቱም አለ፣ ዕንባውም አለ፤ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቀለ። ልጁም እግሩን ለቆ አብሮን ሳቀ። ከዚያ ልጄ ለምን እንዳልነገርኳት ጠየቀችኝ። አንቺስ አልኳት። እኔማ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አለች፤ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ስለሚውል ባንቺ ያሳበብኩ እንዳይመስልሽ። እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አልኳት። ባሏ "ሁለታችሁም ለቄስ የሚባለውን ለሐኪም ትላላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ክሊኒክ እንደሆነ ችግርህን ነው የምትናገረው" አለ። ይሄ ነው እስከ ዛሬ ለልጆቹ የሚያወራላቸው ቀልድ።

በማግስቱ ልጄ ሄልሜት የምትሠራዋን ሴት ኮል አደረገቻት። ሴትዮዋ በኢንሹራንሱ ውሳኔ ላይ አፒል ማለት፣ ይግባኝ መጠየቅ፣ ትችላላችሁ አለቻት። በስልክ ይሰሟችኋል፤ ቤት ውስጥ ምን እንደሞከራችሁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ቀን ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው ራሱ ቢናገር ይሻላል አለቻት። ቀን ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው እኔ ነኝ።

የስልኩ ቀን እስኪደርስ ፈራሁ። የማላውቀው ሐኪም ስለሆነ አልነበረም፤ ሐኪም እኔን ምን ያደርገኛል። የፈራሁት ያንን ነገር በአፌ ማለቱን ነው። የልጅ ልጄን፣ በሰው ፊት፣ እንዲህ ነው ብዬ። ወደ ጃክሰን የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሆኜ ብቻዬን እለማመደው ነበር፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን እምቢ ይለኛል። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት የምጸልይ መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ።

ቀኑ ደረሰ። ልጄ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው። ልጁ ጭኔ ላይ ነው፤ ቆቡን አላደረግኩለትም። ከስልኩ ውስጥ የኢንሹራንሱ ሐኪም ነበረ፣ የሚባለውን የምትጽፍ አንዲት ሴት ነበረች፣ አስተርጓሚውም ነበረ። አስተርጓሚው አማርኛው ላይ ትግርኛ ትግርኛ የሚል ለዛ ያለው ወጣት ነው፤ "እንደምን አደሩ እማማ" ሲለኝ ልቤ ትንሽ ረጋ አለልኝ። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄውን ጠየቀ። ልጁ እንዴት ነው?

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነው" አልኩ።

አፌ ነው ያለው እንጂ እኔ አይደለሁም። አስተርጓሚው ያልኩትን ቃል በቃል አስተረጎመው፤ ሥራው ነው። ከወዲያ የጽሕፈት ድምፅ ተሰማ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች። ባሏ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

መዳፌን ከልጁ ጭንቅላት ኋላ አገባሁ። ያ ልጥፍ ያለ ቦታ እዚያው አለ፣ ይሞቃል። እኔ ዛሬ ካልተናገርኩ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው የሚሆነው አልኩ በልቤ።

"ቆይ የኔ ልጅ፣ እንደገና ላውራ" አልኩት አስተርጓሚውን። "ያልኩት ልማድ ነው። እኛ ሰው ሲጠይቀን እንዲያ ነው የምንለው። የልጅ ልጄ ጭንቅላት በቀኝ በኩል ከኋላ ጠፍጣፋ ነው። ጆሮዎቹም እኩል አይደሉም። እኔ አውቄዋለሁ፣ እናቱም አውቃዋለች፤ በየጊዜው ስንጠየቅ ግን ደህና ነው ያልነው ልጃችን ላይ ክፉ ላለመናገር ነው።"

ከዚያ በኋላ አፌ ተከፈተ። ስለ ማሸቱ፣ በሆዱ ስለማስተኛቱ፣ ስለ ማዘሉ ነገርኳቸው። የጀመርኩት ገና በአራስነቱ እንደሆነ፣ እናቱም ሥራ ከገባች ጀምሮ ማታ ማታ እንደምታዞረው ነገርኳቸው። እንዴት ሁለታችንም ተደባብቀን እንዳዞርነው፣ ልጁም ቀን ባቡሩን ማታ እናቱን እያየ በአንድ ጎኑ እንደቀረ ነገርኳቸው። አስተርጓሚው መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ ይቅርታ ጠይቆ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። ሲስቅ እንደነበር አውቄበታለሁ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ልጄንም ጠየቃት፤ እሷም በእንግሊዝኛዋ ያንኑ አለች። በመጨረሻ እኔን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ስታዞሪው ለውጥ አይተሻል ወይ አለኝ።

"አላየሁም" አልኩት። "እጄ የሚችለውን አድርጓል። ከዚህ በላይ ያለው የእናንተ ነው።"

ስልኩ ሲዘጋ ባሏ ተነስቶ ሻይ ቀዳልኝ። እሱ ለእኔ ሻይ ሲቀዳ ያኔ የመጀመሪያው ነበር፤ ስኳሩን አበዛው፣ ግን ጠጣሁት።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝናቡ አላቆመም። በየቀኑ ልጄ ከሥራ ስትገባ ፊቷን አያለሁ፤ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን ግን ከሥራዋ ደወለችልኝና "ፈቀዱ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ከኋላዋ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። እኔ ልጁን ብድግ አድርጌ መስኮቱ ጋ ወሰድኩትና ለባቡሩ ነገርኩት። ሌላ የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

ሄልሜቱን ሰማያዊ ያስመረጠው አባቱ ነው። አሁን የማስታውሰው የዚያን ሰሞን ድካሙን አይደለም፤ ድምፁን ነው። ሳዝለው ጀርባዬን ይመታኛል፤ ቋ፣ ቋ። ሳቅፈው አገጬን ያገኘኛል። ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄጄ ቄሱ ሊያሳልሙት መስቀላቸውን ቢያሳርፉበት ቋ አለ፤ እሳቸው ደነገጡ፣ ልጁ በሳቅ ፈነዳ። በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚወልቀው። ያቺ ሰዓት የእኔ ነበረች። አጥበዋለሁ፣ ሄልሜቱን እወለውለዋለሁ፤ የላብና የወተት ሽታ አለው፣ ለሌላ ሰው ደስ ላይል ይችላል። ከዚያ መዳፌን ከኋላው አገባለሁ። በየሳምንቱ ቀኙ ወደ እጄ ትንሽ ትንሽ ይመጣ ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ዳስሼ አላውቅም። አንድ ሰው ከሩቅ አገር በእግሩ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ነው።

ቼሪ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት ልጁ ወድቆ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላው ከኋላዋ "ሞተር ሳይክል ሊነዳ ነው እንጂ" አለ። እኔም ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ስለነበር እያስተካከልን ነው አልኳት፣ እንደ ቀላል ነገር። ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ የእኔም ልጅ እንዲያ መሰለኝ አለችኝ። ትመርጥ የነበረውን ሽንብራ ትታ ጥግ ወሰደችኝ። ሄልሜት የምትሠራው ሴት የት እንዳለች ነገርኳት፤ ነርሷ ስትጠይቅሽ ደህና ነው እንዳትዪ አልኳት።

በጋው ሲገባ ሄልሜቱ ወለቀ። ፀሐይ አናቱን ነካችው፤ እጁን አንስቶ የራሱን ጸጉር ዳሰሰና ገረመው። እናቱ ሄልሜቱን ልትጥለው ነበር፤ እኔ ነኝ ከእጇ ወስጄ ብርድ ልብሶቹ ኋላ የሸጎጥኩት። እንግዲህ ልጆቼ፣ የሄልሜቱ ነገር ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እሱን ያወቅኩት በቅርቡ ነው።

ሄልሜቱ ከተገኘ በኋላ፣ ትንሿ ልጅ የሰው ሁሉ ጭንቅላት መዳሰስ ጀመረች። የወንድሟን፣ የአባቷን፣ የአሻንጉሊቷን። አንድ ቅዳሜ ሹሩባ ልሥራሽ አለችኝ። ሻሼን ፈታሁላት፤ ጸጉሬ ሳስቷል፣ ከድሮው ምንም የለውም። ከኋላዬ ተንበርክካ ስታበጥር ስታበጥር እጇ ቆመ።

"አያቴ፣ ያንቺም እዚህ ጋ ፍላት፣ ጠፍጣፋ ነው" አለች።

ላፌዝባት ብዬ ነበር። እናቷን ጠራኋት። ልጄ መዳፏን ከኋላዬ አገባች። እጄን ወስዳ አሳየችኝ። ሰው የራሱን ጭንቅላት ከኋላ አያየውም፤ ሲነካውም የራሱ ነውና ሰው ሁሉ እንዲያ ይመስለዋል።

ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ ደወልኩ። ዓይኗ ደክሟል፣ አእምሮዋ ግን እንደ ምላጭ ነው። ነገሩን ነገርኳት።

"አንቺ እስካሁን ይህን አታውቂም ነበር?" አለችኝ። "አንቺ ስትወለጂ እማዬ ታማ ተኝታ ነበር። አንስቶ የሚያዝልሽ ጠፍቶ መደብ ላይ በጀርባሽ ነው የከረምሽው። ከተነሳች በኋላ ሁላችንንም አስምላናለች፤ ማንም እንዳይነግርሽ። ለዚህ እኮ ነው ጸጉርሽን ሌላ ሰው አታስነካ የነበረው።"